ስንቁ መንገድ ላይ እንዳያልቅ

ትምህርት በተከፈተበትና መንገዱ ሰላም በሆነበት ወራት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ከየጋራው ወገብ የሚወርዱት ቀጫጭን የእግር መንገዶች ከአውራ ጎዳናው በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ፣ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ የሚሄዱ ወጣቶች ይታያሉ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ሁሉም በጀርባቸው አንዳንድ ከረጢት አዝለዋል። ከረጢቱ ቢፈታ የገብስ ዱቄት፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጥቂት ሽሮና በርበሬ፣ ምናልባትም በፀሐይ የደረቀ ድርቆሽ ይገኝበታል። ከላይ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ሦስት ደብተሮች አሉ። እነዚህ ወጣቶች ከገበያ የሚመለሱ አይደሉም። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ወጥተው፣ የሳምንት ስንቃቸውን ይዘው ወደ ተከራዩት ጎጆ የሚመለሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት የተባሉት ወረዳዎች ይገኛሉ። አገሩ በገደልና በሸለቆ የተቈራረጠ፣ ቁመቱ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠውን ራስ ዳሸንን የታቀፈ፣ ብርዱ ብርቱ፣ እህሉም በአብዛኛው ገብስ የሆነ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ፣ ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ነገር ግን ለጎብኚው ውበት የሆነው ገደል ለተማሪው ርቀት ነው። ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣበትን ሸለቆ ተማሪው ዱቄት ተሸክሞ ይሻገረዋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ የዚህ ከረጢት ነገር ነው። ከረጢቱን የሚሞላው ማነው? በመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ባዶ የሆነ እንደ ሆነስ ምን ይሆናል? አንድ ሌላ ሰው፣ ዘመድም ይሁን ባዕድ፣ ለአንድ ልጅ የትምህርት ረዳት፣ በዛሬው አነጋገር ስፖንሰር፣ የሆነ እንደ ሆነ የልጁ ዕድል ምን ያህል ይለወጣል?

በአገራችን የትምህርት ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው «ትምህርትማ በነፃ ነው» ይላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ የትምህርት ክፍያ እንዳይጠየቅ ወስኖ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም እንደ ልማዱ መኝታና ምግብ ሲያገኝ ኖሯል፤ በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። የከፍተኛ ትምህርት ስፍራውም ቢሆን ለዚህ አገር ልጅ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አድጎ ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ደባርቅም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች።

እንግዲህ የመሰላሉ ታችኛው እርከን በቀበሌው ውስጥ ነው፤ የላይኛውም እርከን በተራራው ግርጌ ቆሟል። የጎደለው መካከሉ ነው። በገጠሩ ቀበሌ ያለው ትምህርት ቤት በብዙ ስፍራ 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። 9ኛ ክፍል የሚገኘው በወረዳው ከተማ ወይም ራቅ ባለ አንድ የገጠር ከተማ ነው። ልጁ የ8ኛ ክፍልን ፈተና ባለፈበት ቀን ደስታና ጭንቀት አብረው ወደ ቤቱ ይገባሉ። እናት እልል ትላለች፤ አባት ግን ወደ ጎተራው ይመለከታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ሁለት ቤት ሊያስተዳድር ነውና።

የሁለተኛውን ቤት ወጪ በዝርዝር እንመልከተው። በመጀመሪያ የቤት ኪራይ አለ፤ ሦስትም አራትም ተማሪዎች ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ቢከራዩ እንኳ በየወሩ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ነው። ገበሬ ገብስ አያጣም ይሆናል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን በየወሩ የለውም። ሁለተኛ ማገዶና መብራት አለ። ሦስተኛ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የደንብ ልብስ፣ ሳሙናና ጫማ አለ። አራተኛ ስንቅ አለ፤ ይህ ከቤት የሚመጣ ቢሆንም ማስፈጫው ገንዘብ ይፈልጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጎተራው ራሱ ይራቆታልና የመስከረሙ ስንቅ ከሁሉ የከበደ ነው። እያንዳንዱ ወጪ ለብቻው ቢታይ ትንሽ ይመስላል። አንድ የከተማ ሠራተኛ በሻይና በማኪያቶ የሚያጠፋውን ያህል አይሆንም ብንል ከእውነት አንርቅም። ለዚያ ገበሬ ግን አንዲት በግ መሸጥ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ወርም ሌላ በግ።

ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው የጉልበቱ ነገር ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በደጋው አገር ሙሉ ሠራተኛ ነው። ከብት ይጠብቃል፣ እርሻ ያርሳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ያጭዳል። የአጨዳው ወራት ደግሞ ትምህርቱ የሚጠነክርበት የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ነው። ሴት ልጅም ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ወደ ከተማ ሲልክ ገንዘብ ከመክፈሉም በላይ ሠራተኛውን ያጣል።

በከተማ የምንኖር ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «ገበሬው የትምህርትን ጥቅም ስላላወቀ ነው ልጁን የሚያስቀረው» ስንል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ፍርደ ገምድል ነው። «የተማረ ይግደለኝ» እያለ የኖረ ሕዝብ የትምህርትን ክብር ከእኛ ሊማር አይገባውም። ገበሬው የሚያሰላው ሌላ ነገር ነው። «አራት ዓመት ሙሉ ስንቅ ለማቀበል እችላለሁን? በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ቢቀር፣ በሬ ቢሞትብኝ፣ ብታመም፣ እስከ ዚያ ያወጣሁት ሁሉ ከንቱ አይቀርምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የብልህ ሰው ጥያቄ ነው። ግማሽ መንገድ የተሠራ ድልድይ ማንንም እንደማያሻግር ያውቃልና።

ከትምህርት መቅረትም ቢሆን በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ልጁ አንድ ሰኞ ይቀራል፤ ስንቁ አልተዘጋጀም ነበር። ከዚያ በገበያ ቀን ይቀራል፤ አባቱ ሊሸጥ ያሰበውን እህል የሚያግዘው አጥቶ ነበር። ከዚያም በአጨዳ አንድ ሳምንት ይቀራል። ሲመለስ የሒሳቡ ትምህርት አልፎታል፤ ፈተናው ይበላሻል፤ ከጓደኞቹ ፊት ማፈር ይጀምራል። የቤት ኪራዩ ሁለት ወር ያልተከፈለ እንደ ሆነ ደግሞ ባለቤቲቱን ላለማየት በሌላ መንገድ ይዞራል። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከተራራው ሳይወርድ ይቀራል። መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን በብዙ ትንንሽ ቀናት የተፈጸመ ነው። ረዳት የሚያስፈልገውም እነዚያን ትንንሽ ቀናት ለመሙላት ነው።

የሴቲቱ ልጅ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ቀርታ እቤት የተቀመጠች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሕጉ ምንም ቢል፣ በዘመድ አዝማድ ዓይን ለትዳር የደረሰች ሆና ትታያለች። ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ግን «ገና ተማሪ ናት» ትባላለች። ይህች አንዲት ቃል ብቻዋን አጥር ናት።

በዚሁ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተሞክሮ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጃገረዶች የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ ከትምህርት ውጭ ያሉት በአማካሪ ሴቶች እየተመሩ በአንድነት ይሰበሰባሉ፤ ልጃቸውን በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ በመጨረሻ አንዲት ፍየል ትሰጣለች። ውጤቱ ሲመረመር ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች በትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሥራው ካልተሞከረበት ቀበሌ ልጃገረዶች ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ትዳራቸውም እጅግ ቀነሰ። ነገር ግን 15 ዓመት ባለፋቸው ላይ ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንዲት ፍየልና ጥቂት ደብተር የአንድን አባት ስሌት ሊለውጡ መቻላቸው ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ በለጋነት ጊዜ ቢሠራም ልጅቱ ከፍ ስትል ሌላ ድጋፍ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው።

ሌላውን ሰው በስንቅ እየረዱ ማስተማር ለጎንደር አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ጎንደር የጥንት የትምህርት ከተማ ናት። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ሥርዓት ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለቅኔ ወደ ጎጃም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር መሄድ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነገር ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት ገንዘብ ይዞ አልወጣም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ውሻ ይጮህበታል፤ ባልቴቲቱ ግን ከምትበላው ከፍላ ትሰጠዋለች። ልጁን አታውቀውም፤ የየት አገር ሰው እንደ ሆነ አትጠይቀውም። ተማሪ መሆኑ ይበቃታል። ነገ ሌላይቱ ትሰጠዋለች። እንዲህ ሆኖ ሊቃውንት ወጡ። በየመንደሩ የተበተነ የገበሬ እጅ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት መግቧል ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋም መንግሥት ይህንኑ አሳብ በሌላ መልክ ይዞት ነበር። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን እያሳደሩና እየመገቡ አስተምረዋል። በዚያ ትውልድ ውስጥ ከአገር ቤት በእግሩና በጭነት መኪና መጥቶ ለከፍተኛ ሥራ የበቃ ሰው ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሁሉ ባይጠለሉ ኖሮ ብዙዎቹ ከከብት ኋላ በቀሩ ነበር።

አንድ ሰው ለአንድ ልጅ ቃል ገብቶ በየወሩ የመርዳት ልማድ በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። ጆን ላንግደን ዴቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ፣ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት አንዳንድ የሩቅ አገር ረዳት እየፈለገ ማገናኘት ጀመረ። ያ ሥራ አድጎ ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ሆነ። በጎንደርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሊንክ ኢትዮጵያ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በጎንደር ፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በእንግሊዝ አገር አመርሻም ከተማ በሚገኘው የዶክተር ቻሎነር ትምህርት ቤት መካከል የተጀመረ ወዳጅነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ኪንዱ ትረስትም በጎንደር ከተማ የድኃ ቤተሰብ ልጆችን ከውጭ አገር ረዳቶች ጋር በማገናኘት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

የዚህ ዓይነት ሥራ አካሄድ በአብዛኛው ይህን ይመስላል። ከትምህርት ቤቱና ከቀበሌው ጋር በመመካከር ችግሩ የጠነከረበት ልጅ ይለያል፤ ቤቱ ይጎበኛል። ረዳቱ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ ለእናት ወይም ለአሳዳጊ ይደርሳል፤ ወይም በደብተር፣ በደንብ ልብስና በኪራይ መልክ ይከፈላል። በአጸፋው ልጁ ከትምህርት እንዳይቀር ይጠበቃል፤ የመንፈቁ ውጤት ለረዳቱ ይላካል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ «እንዴት ሆንክ? ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ እንደ ተናገርነው፣ ልጁ በሚቀርባት በዚያች የመጀመሪያ ሰኞ ማንም ሰው ያልጠየቀው እንደ ሆነ ሁለተኛዋ ሰኞ ትቀላለች።

ይህ ሁሉ በእውነት ይጠቅማልን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ ብሩስ ዋይዲክ፣ ፖል ግሉዊና ሌይን ረትሌጅ፣ በዩጋንዳ፣ በኬንያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስ፣ በጓቴማላና በቦሊቪያ በአንድ ትልቅ የሕፃናት ረዳት ድርጅት ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳትመዋል። ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎች አድገው ምን እንደ ደረሱ አጥንተው፣ የተረዱት ልጆች ካልተረዱት ይልቅ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በትምህርት ላይ የቆዩ መሆናቸውን አገኙ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱትም፣ በኋላ ደኅና ሥራ የያዙትም በርክተው ተገኙ። አንድ ዓመት ምንድን ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ከ11ኛ ክፍል ወጥቶ በመቅረትና 12ኛን በመጨረስ መካከል ያለው ያው አንድ ዓመት መሆኑን ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የሆነ ሆኖ ጉድለቱንም መናገር ይገባል። በአንድ ቤት አራት ልጆች ሳሉ አንዱ ብቻ የተመረጠ እንደ ሆነ፣ አዲሱ ጫማ በወንድማማች መካከል ቅናት ያመጣል። ልጁን በአደባባይ አቁሞ ደብተር ሲሰጡ ፎቶግራፍ ማንሣት የሰጪውን ስም ከፍ ሲያደርግ የተቀባዩን አንገት ይደፋል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ክብር አለው፤ ሁልጊዜ አመስጋኝ ሆኖ እንዲታይ ማስገደድ አይገባም። ደግሞም የአንድ ልጅ ረዳት መኖር፣ መምህር የጎደለውን ወይም ጣሪያው የሚያፈሰውን ትምህርት ቤት አያድነውም። ያ የመንግሥትና የሕዝብ ሥራ ሆኖ ይኖራል።

ከጉድለቶች ሁሉ የከፋው ግን መካከል ላይ ማቋረጥ ነው። አንድ ሰው በመስከረም በሙሉ ልቡ ተነሥቶ «እኔ አስተምረዋለሁ» ይላል። በጥር ሥራ ይቀይራል፣ ወይም ቤት ይሠራል፣ ወይም እንዲሁ ይረሳዋል። ልጁ ግን በዚያ ቃል ተማምኖ ቤት ተከራይቷል፤ አባቱም በዚያ ቃል ተማምኖ ሌላ እረኛ ቀጥሯል። ምንም ያልተገባለት ልጅ ቢያንስ ለችግሩ የተዘጋጀ ነው፤ ቃል ተገብቶለት የተተወው ግን ሳይዘጋጅ ይወድቃል። ለልጁ የሚጠቅመው የስጦታው ትልቅነት ሳይሆን አለመቋረጡ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። በመስከረም የተሰጠ ብዙ ብር በጥር ከሚመጣ ጥቂት ብር አይበልጥም።

ባለፉት ዓመታት የደረሰው ነገር ይህን አጉልቶታል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ የሰሜን ጎንደር ሕዝብ ብዙ ጉዳት አገኘው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። በ2012 ዓ.ም. 5ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ቁመቱ አድጓል፤ ክፍሉ ግን ከቁመቱ ጋር አላደገም። እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከታናናሾቹ ጋር ለመቀመጥ ማፈሩ አይቀርም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ድጋፉም የተቋረጠበት ልጅ ለመመለስ ሁለት ተራራ አለበት። በዚያ ጊዜ እንኳ ስንቁና ጥየቃው ያልተቋረጠበት ልጅ ግን በሩ በተከፈተ ቀን የሚመለስበት ምክንያት አለው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ደመወዛችሁ ሰፊ አለመሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ተብሏል። ዕቁብና ዕድር መመሥረት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ አሥር ጓደኞች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያወጡ አንድን ተማሪ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቢያደርሱ፣ ከአሥሩ አንዱ ቢቸገር እንኳ ዘጠኙ አሉና ነገሩ አይቋረጥም። ለብቻ ከሚገባ ቃል በማኅበር የሚገባው የሚሻልበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ይህን ለሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት ምክር እንጨምር። መጀመሪያ፣ የአራት ዓመት ቃል መግባት የማይቻል ከሆነ የሚቻለውን ያህል ብቻ ቃል መግባትና ለቤተሰቡም አስቀድሞ በግልጥ መንገር ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በመስከረም፣ በአጨዳው ወራትና በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ከፋፍሎ ማድረስ ነው፤ ልጁ የሚወድቀው በእነዚያ ጊዜያት ነውና። ሦስተኛ፣ የቤት ኪራዩን በቀጥታ ለባለቤቱ መክፈል ልጁን ከእፍረት ያድነዋል። አራተኛ፣ አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ልጁ የቀረባትን የመጀመሪያዪቱን ሰኞ እንዲያሳውቁ መስማማት ነው። አምስተኛ፣ ሴት ልጅ ከሆነች ከማን ጋር እንደምትከራይና በየትኛው መንገድ እንደምትመላለስ መጠየቅ ነው። ስድስተኛ፣ ነገሩን በጸጥታ ማድረግ ነው። በወረዳ ቢሮ የምትሠሩ ወጣቶች ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ልትሰጡ ትችላላችሁ። 8ኛ ክፍልን አልፈው 9ኛ ክፍል ያልተመዘገቡትን ልጆች ስም ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ ማግኘትና በየቀበሌው መጠየቅ የቢሮ ሥራ ነው፤ ያንን ዝርዝር ያነበበ ሰው ግን ተራ ወረቀት እንዳልሆነ ይረዳዋል።

ከእናንተ ብዙዎቹ በአንድ ሰው ስንቅ ያደጋችሁ ናችሁ። አጎት ያሳደገው፣ የእናት ቅቤ ሽያጭ ያስተማረው፣ የቤት አከራይቱ ኪራይ የተወችለት፣ መምህሩ እስክሪብቶ የገዛለት በመካከላችን አለ። ያ ሰው ስሙ በየትም አልተጻፈም። ሽልማትም አልተቀበለም። ዕዳውን ለእርሱ መመለስ ላይቻል ይችላል፤ ከኋላ ለሚመጣው መክፈል ግን ይቻላል።

ዛሬ እሑድ ነው። ይህን ጋዜጣ አንብበን ስንጨርስ፣ ሰላም በሆነበት መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ከረጢቷን አዝላ ወደ ደባርቅ ትወርድ ይሆናል። ከረጢቱ የያዘው የአምስት ቀን ስንቅ ነው። የአራት ዓመቱን ስንቅ ብቻዋን መሸከም አትችልም፤ የተረፈውን የምንሸከመው እኛ ነን።